ለጣና ዳር ድንበር ውሃ ልክ ይውጣለት

ግልጽ ደብዳቤ
ለአማራ ክልል መሬት ቢሮ፣
ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር፣
በጣና ዙሪያ ላሉ የወረዳ ፍርድ ቤቶች፣
በየቀበሌው ላላችሁ የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ አባላትና ሽማግሌዎች

ጉዳዩ፦ የሐይቅ ዳር ይዞታ ወሰን በከፍታ ልኬት እንዲወሰን ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

በአረንጓዴው የይዞታ ደብተር ላይ አራት አዋሳኞች ይጻፋሉ። በምሥራቅ እገሌ፣ በሰሜን እገሊት፣ በደቡብ መንገድ ይላል። በጣና ምሥራቃዊ ዳር ባሉ ቀበሌዎች ስመላለስ ባየኋቸው ብዙ ደብተሮች ላይ አራተኛው አዋሳኝ አጭር ነው፦ «በምዕራብ ባሕር»። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለዚያች አንዲት ቃል ነው።

ጎረቤት ሰው ነው፤ ቤቱ ይታወቃል፣ ቢጠየቅ ይመልሳል። መንገድም ቢጠብ ቢሰፋ ካለበት አይነሳም። ባሕር ግን ይሄዳል፤ ይመለሳል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ሞልቶ የማሳውን ጫፍ ይነካል፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሸሽቶ ጥቁሩን ረግረግ ያጋልጣል። በአንድ ዓመት ውስጥ የጣና ወለል አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል። ለጀልባ ነጂ ይህ ብዙ አይደለም። ምድሩ እንደ ገበታ ለተዘረጋበት ለፎገራና ለደንቢያ ገበሬ ግን ኑሮን የሚያናጋ ልዩነት ነው። መሬቱ በ300 ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ፣ የሐይቁ ወለል አንድ ሜትር ተኩል ሲወርድ የውሃው አፍ 450 ሜትር ይርቃል። በዚህ 450 ሜትር ውስጥ ሽምብራ ይዘራል፣ ጓያ ይዘራል፣ ከብት ይሰማራል፣ ሰው ይጣላል።

የአካባቢው ሰው ይህን መሬት «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። መሐንዲስ ቁጭ ብሎ ቢያስብ ከዚህ የተሻለ ስም አያወጣለትም። መሬቱ የተገኘው ባሕሩ ስለሸሸ ነው፤ ባሕሩ ሲመለስ ደግሞ ይሄዳል። ችግሩ የሚጀምረው ይህን የሚመጣና የሚሄድ መሬት በማይንቀሳቀስ ወረቀት ላይ ስንጽፈው ነው።

እኔ የውሃ መሐንዲስ ነኝ፤ በቅየሳ ሥራም ዓመታት አሳልፌያለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ፍርድ ቤት በአንድ የባሕር ሸሽ ክርክር ላይ በባለሙያነት እንዳስረዳ ጠራኝ። ከሳሿ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ቆብ የደፉ እማሆይ ናቸው። ተከሳሹ የማሳ አጎራባቻቸው ነው፤ የመጨረሻ ልጃቸውን ክርስትና ያነሳውም እርሱ ነው። አበልጆች ናቸው ማለት ነው። ክርክሩ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። በእነዚያ ሦስት ዓመታት አንድም ቀን ቡና አልተጠራሩም።

ችሎቱ አራት ምስክሮችን ሰማ። የቀረበላቸው ጥያቄ አንድ ነበር፦ «የባሕሩ ዳር የት ነው?» አንደኛው ከሾላው ሥር ነው አሉ። ሁለተኛው ከሾላው ሁለት ገመድ ዝቅ ብሎ ነው አሉ። ሦስተኛው ደንገሉ ካበቃበት፣ አራተኛው ደግሞ ታንኳ የሚታሰርበት ችካል ካለበት ነው አሉ። ግራና ቀኙ የሌላውን ምስክር ሐሰተኛ ለማሰኘት ብዙ ደከሙ። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሳዳምጥ የገባኝ ግን አራቱም እውነታቸውን መሆኑ ነው። አንዱ የሚያስታውሰው መስከረምን ነው፣ ሌላው ጥርን፣ ሌላው ግንቦትን። «መቼ?» ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።

የቀበሌው መዝገብም ከምስክሮቹ አልተሻለም። የእማሆይ ማሳ በጥቅምት ተለካ፤ የአበልጃቸው በግንቦት። ሁለቱም በገመድ፣ ሁለቱም «እስከ ባሕሩ» ድረስ። በኮሚቴው አባላት ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ያለ ደመወዝ፣ በፀሐይና በጭቃ የሠሩ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን በሰባት ወር ልዩነት የተለኩት ሁለት ማሳዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአንዱ ርዝመት ከሌላው በ390 ሜትር በልጦ ተገኘ። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው ስርቆት ነው ይላል። እማሆይም ለሦስት ዓመት ያሉት ይህንኑ ነው። አበልጃቸው ግን ድንበር አልገፋም፤ የእርሱ ማሳ የተለካው ባሕሩ በራቀበት ወር ስለነበር ብቻ ነው።

እንግዲህ መጠየቅ የምፈልገው ነገር ከዚህ ይነሳል። በሐይቅ ዳር ወሰን ለማስቀመጥ ከርቀት በፊት ከፍታ መታወቅ አለበት። ገመድ የሚለካው ርቀትን ነው። ርቀቱ የሚጀምርበትን ቦታ የሚወስነው ግን የውሃው ከፍታ ነው፤ ከፍታው ደግሞ ሲለካና ሲመዘገብ ኖሯል። ባሕር ዳር ከተማ ላይ የጣና የውሃ ከፍታ ከ60 ዓመት በላይ ሲነበብ ቆይቷል። ይህን መዝገብ የኃይል ማመንጫ መሐንዲሶችና ተመራማሪዎች ያውቁታል፤ ማሳውን በፍርድ ቤት የሚከራከር ገበሬ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ መኖሩን እንኳ አልሰማም። ክርክሩን የሚመራ ዳኛም ብዙ ጊዜ አልሰማም።

ግንበኛ ግድግዳ ከማንሳቱ በፊት ውሃ ልክ ያወጣል። ቀጭን ጎማ ውስጥ ውሃ ይሞላል፣ ሁለቱን ጫፍ በሁለት ማዕዘን ይይዛል፣ ውሃው ረግቶ ሲቆም ምልክት ያደርጋል። ጣና ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ ስፋት ያለው ውሃ ልክ ነው። ነፋስ በሌለበት ማለዳ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ወለሉ በአንድ ከፍታ ተኝቶ ይገኛል። ይህን ያህል ትልቅ መሣሪያ ያለ ክፍያ ደጃፋችን ተዘርግቶ ሳለ ወሰኑን በዓይን ግምት መለካታችን ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

በእማሆይ ጉዳይ ያደረግነው ይህንኑ መሣሪያ መጠቀም ነበር። ወሩ ጥር ነው። ዳኛው ፈቀዱ፤ ሁለቱ ባለጉዳዮች፣ ሽማግሌዎቹና የኮሚቴው አባላት ፀሐይ ሳትወጣ ተሰበሰብን። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሳል፤ ማዕበሉ ዳሩን ይመታል፣ ነፋሱም ውሃውን ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል። ስለዚህ ማለዳ መሆን ነበረበት። የሰፈሩን ልጆች ችካል አስይዘን በውሃው አፍ ላይ በየ20 ሜትሩ አቆምናቸው። ባሕር ዳር ከተማ ያለ ባልደረባዬ በዚያው ሰዓት የሐይቁን ከፍታ የሚያሳየውን የመለኪያ ዘንግ አንብቦ በስልክ ነገረኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ «ትከሉ!» አልኩ። ልጆቹ ችካላቸውን ተከሉ። ሳተላይትም ኮምፒውተርም ሳይነካው በአንድ ከፍታ ላይ የተሰመረ፣ ተከራካሪዎቹ በዓይናቸው ያዩት፣ ልጆቻቸው በእጃቸው የተከሉት መስመር ወጣ።

ይህ ግን የጥር ውሃ መስመር ነው። ወሰን እንዲሆን የተስማማንበት ከፍታ ሌላ ነበር፤ በብዙ ዓመታት መዝገብ ውስጥ ሐይቁ በየዓመቱ የደረሰባቸው ከፍተኛ ንባቦች አማካይ። የዚያን ዕለት ንባብ ከዚህ አማካይ በ80 ሳንቲ ሜትር ያንስ ነበር። ከእያንዳንዱ ችካል ተነሥተን በሌቭል፣ ማለትም የከፍታ ልዩነት በሚለካ የቅየሳ መነጽር፣ 80 ሳንቲ ሜትር ሽቅብ እየወጣን ሁለተኛ ረድፍ ችካል ተከልን። ሥራው እስከ ቀትር ፈጀ። ሽማግሌዎቹ ሁለተኛውን ረድፍ ተከትለው በዝምታ ሄዱ። አንደኛው አባት ቆም አሉና በዘንጋቸው መሬቱን ነካ ነካ አድርገው «የአባቴ ታንኳ በመስቀል ሰሞን የምትታሰረው እዚህ ጋ ነበር» አሉ። ከእርሳቸው ችካሉ ሁለት እርምጃ አይርቅም።

በትዝታ ብቻ እንዳይቀር ሁለት ጉድጓድ አስቆፈርኩ። ከመስመሩ በላይ ያለው እስከ ወገብ ድረስ አንድ ወጥ ጥቁር መረሬ ነው። ከመስመሩ በታች ያለው ግን ስስ ስስ ሆኖ የተደራረበ ደለል አወጣ፤ በመካከሉ የቀንድ አውጣ ቅርፊትና የበሰበሰ የደንገል ሥር ነበረበት። እማሆይ ጎንበስ ብለው ቅርፊቷን አነሱ፣ በመዳፋቸው ይዘው ለአበልጃቸው አሳዩት። በሦስት ዓመት ውስጥ መጀመሪያ የተነጋገሩት በዚያች ቅርፊት ላይ ይመስለኛል።

በዚህ ብቻ ግን አላበቃም። የባሕሩ ዳር እዚያ ጋ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው። ገበሬ ባሕሩ ሲሸሽ የሚያደርገው ተፈጥሯዊ ነገር አለ፤ የጎን ድንበሩን ቀጥ አድርጎ ወደ ውሃው ይስበዋል። ዳሩ ቀጥ ያለ ከሆነ ይህ ያስኬዳል። በታጠፈ ዳር ላይ ግን የጎረቤታሞቹ መስመሮች ወደ አንድ ነጥብ ይሰበሰቡና ይቋረጣሉ፤ መጀመሪያ ያረሰ ሰው የሌላውን ፊት ዘግቶበት ያርፋል። የእማሆይ ትክክለኛ በደል ይህ ነበር። በሦስት ዓመት ክርክር ውስጥ ግን ማንም በዚህ መልኩ አላስረዳላቸውም።

ለዚህ የቅየሳ ሙያ የቆየ መፍትሔ አለው። እያንዳንዱ ይዞታ በነባሩ ዳር ላይ የነበረው ስፋት ይለካል፤ አዲሱ ዳር በዚያው መጠን ይካፈላል። ለምሳሌ ሦስት ጎረቤታሞች በነባሩ ዳር ላይ 40፣ 60 እና 100 ሜትር ነበራቸው እንበል፤ በድምሩ 200 ሜትር ነው። ውሃው ሸሽቶ አዲሱ ዳር 150 ሜትር ብቻ ቢሆን ለመጀመሪያው 30፣ ለሁለተኛው 45፣ ለሦስተኛው 75 ሜትር ይደርሳል። ማንም ከውሃው አይቆረጥም፣ ማንም የሌላውን ፊት አይዘጋም። ይህን በመሬት ላይ በእንጨት ስዬ ሳሳያቸው ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌ ከእኔ ቀድመው ደረሱበት፤ «እንደ ቅርጫ ነው፤ ባወጣው ልክ ይካፈላል» አሉ። ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ሁሉ የማስረዳው በእርሳቸው ምሳሌ ነው።

ፍርድ ቤቱ ሪፖርቱን ተቀበለ። እማሆይ ከጠየቁት ያነሰ አገኙ፤ አበልጃቸውም ከያዘው ለቀቀ። ከመስመሩ በታች ያለው በማንም ይዞታ አልተመዘገበም፤ ውሃው በሸሸበት ወራት የሚዘሩበትን ተራና ድርሻ ብቻ ተከፋፈሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ስለሚል ክርክሩ ሁሌም የይዞታ እንጂ የባለቤትነት አይደለም። ከመስመሩ በታች ያለው የሐይቅ አልጋ ደግሞ ከማሳ የተለየ ነገር መሆኑ በግልጽ መታወቅ አለበት። ይህ ካልሆነ ለሁለት ዓመት ሽምብራ የተዘራበት የሐይቅ አልጋ በሦስተኛው ዓመት «የአባቴ መሬት» ይሆናል።

ይህ የሆነበት ዘመንም አለ። እስከ 1988 ዓ.ም. ድረስ ጣና ከፍና ዝቅ የሚለው ዝናቡንና ወንዞቹን፣ ግልገል ዓባይን፣ ጉማራን፣ ርብንና መገጭን ተከትሎ ነበር። በዚያ ዓመት ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ በሁለት በሮች ሥራ ጀመረ፤ በ1993 ዓ.ም. አምስት ተጨምረው ሰባት ሆኑ። በዚያው ዓመት 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጢስ ዓባይ ቁጥር ሁለት ተከፈተ። ከዚያ ዝናብ ያነሰባቸው ወራት መጡ፤ በ1995 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሐይቁ በመዝገብ ከታየው ሁሉ ዝቅ አለ። ጀልባዎች ቆሙ፤ ገበሬዎች ወደ ተጋለጠው አልጋ ወርደው ዘሩ። ውሃው ሲመለስ የዘሩት መሬት በእጃቸው ሳይኖር የይገባኛል ጥያቄው ግን አብሯቸው ቆየ። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ውሃውን ወደ በለስ ይወስዳል።

ይህን የማነሳው ኃይል ማመንጨቱን ለመንቀፍ አይደለም፤ መብራቱ ያስፈልገናል። የማነሳው የሐይቁ ዳር የሚቆምበትን ቦታ ዛሬ በከፊል የሚወስነው በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ስለሆነ ነው። የወረዳ ዳኛ ስለ ወሰን ሲወስን ሳያውቀው ስለዚያ በር እየወሰነ ነው። የትኞቹ ዓመታት ተወስደው አማካዩ ይሠራ? የሕግ ሰዎች የሚወስኑት ጥያቄ ቢሆንም የእኔን አስተያየት አልደብቅም። ከሰባቱ በሮች በፊት ያለው መዝገብ ሌላ ሐይቅ ነው። ይዞታ የሚለካው ሰዎች ዛሬ በሚኖሩበት ሐይቅ መሆን ስላለበት ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ ያሉት ዓመታት ይወሰዱ እላለሁ። የቀድሞው መዝገብ ደግሞ አንድ ሰው «በግድቡ ምክንያት ማሳዬ ተወሰደ» ወይም «ተጨመረ» ሲል ለማመሳከሪያ ይቆይ።

ከፍታን በቁጥር ወስኖ ሕግ ማድረግ እኛ የምንጀምረው ነገር አይደለም። በሎስ አንጀለስ ወደብ ቦራክስ የተባለ ኩባንያና ከተማው በባሕር ዳር መሬት ሲካሰሱ ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1935 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሰጠው ውሳኔ ወሰኑ ውሃው በመሬት ላይ የተወው ምልክት እንዳልሆነ፣ በጨረቃ ስበት ከፍ ዝቅ የሚለው የባሕር ውሃ በ18.6 ዓመት ውስጥ የደረሰባቸው ከፍታዎች አማካይ እንደሆነ ይገልጻል። ይህ የዓመታት ቁጥር ከጨረቃ ዑደት የመጣ ስለሆነ ለጣና አይሠራም፤ የሚሠራው መንገዱ ነው። ዳኞቹ በዓይን ያዩትን ትተው በዓመታት ወደተመዘገበው ልኬት ሄዱ። ለእኛ የሚቀርበው ደግሞ የሚሺጋን ግዛት ነው፤ የሚሺጋን ሐይቅ መደበኛ ከፍተኛ ውሃ 579.8 ጫማ ነው ተብሎ በሕግ ላይ በቁጥር ተጽፏል። እዚያም ሰው በሐይቅ ዳር ይጣላል፤ ነገር ግን ክርክሩ የሚጀምረው ከታወቀ ቁጥር ነው።

ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ያለው ነገር ሌላ መልክ አለው። እዚያ የሚሸሸው ባሕሩ ብቻ አይደለም፤ ሰውም ይገፋዋል። አፈር በገልባጭ መኪና ይመጣል፣ ደንገሉ ላይ ይደፋል፣ ዓመት ሳይሞላ አጥሩ ወደ ውሃው ይጠጋል። በአንድ እንዲህ ባለ ቦታ ላይ አንድ ሜትር ከሃያ ጉድጓድ አስቆፍሬ ነበር። ከላይ ቀይ አፈር፣ ቀጥሎ የጡብ ስብርባሪ፣ የተጣመመ ብረት፣ ፌስታል፤ ከሁሉም ሥር ገና ነጭነቱ ያልለቀቀ የደንገል ሥር። ባለይዞታው ቦታው ከጥንት ደረቅ መሬት ነበር ብሎ ይከራከር ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ከውሃ አካላት አጠገብ ያለውን መሬት ወሰን የመከለልና በዚያ ክልል ውስጥ ግንባታን የመከልከል ሥልጣን ሰጥቷል። ነገር ግን «ከውሃው ዳር ይህን ያህል ሜትር» የሚል ማንኛውም መመሪያ የውሃው ዳር የት እንደሆነ ካልተናገረ ሜትሩ ከየት እንደሚጀመር አይታወቅም። ዳሩን የሚገፋ ሰው ክልከላውንም አብሮ እየገፋው ይሄዳል።

ለቀያሾች የምናገረው አንድ የሙያ ነገር አለኝ፤ ሌሎቻችሁም ታገሱኝ፣ ፍርድ የሚያበላሽ ነገር ስለሆነ ነው። የአገራችን ነባር ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል መነሻ፣ ማለትም የቦታ ልኬት ሁሉ በሚቆጠርበት መሠረት ነው። የእጅ ጂፒኤስ ሳናስተካክለው የሚያሳየው ደግሞ ዓለም አቀፉን መነሻ ነው። ሁለቱ ሳይጣጣሙ አንዱ ላይ የተነበበ ነጥብ ሌላው ላይ ሲቀመጥ ከ200 ሜትር በላይ ይዛነፋል። በዚህ ምክንያት ብቻ በወረቀት ሐይቅ ውስጥ የገባ ማሳ በዓይኔ አይቻለሁ። የእጅ ጂፒኤስ የሚሰጠው ከፍታም በሜትሮች ሊሳሳት ይችላል፤ የአንድ ሜትር ስህተት በፎገራ ሜዳ ላይ 300 ሜትር ማሳ ማለት ነው። እባካችሁ፣ በሐይቅ ዳር ክርክር ላይ በእጅ ጂፒኤስ የተነበበ ከፍታ ለችሎት አታቅርቡ። ሌቭል ውሰዱ፤ ሌቭል ባይኖር የግንበኛ ጎማ ይሻላል።

የወንዞቹ አፍ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ርብና ጉማራ በታችኛው ሜዳ ላይ አልጋቸውን ሲቀይሩ ኖረዋል፤ በሐይቁ መግቢያም ደለል እያከማቹ አዲስ መሬት ይሠራሉ። ቀስ በቀስ የተከመረ ደለልና በአንድ ክረምት ወንዝ ሰብሮ የቆረጠው ማሳ በአንድ ሚዛን ሊታዩ አይገባም። የመጀመሪያው ለማንም ሳይታወቅ በዓመታት የመጣ ነው፤ በሁለተኛው ግን ሰውየው ማታ የእርሱ የነበረውን መሬት ጠዋት ከወንዙ ማዶ ያየዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1957 ጀምሮ የተነሱ የአየር ፎቶግራፎችና ከ1972 ወዲህ ያሉ የሳተላይት ምስሎች የትኛው እንደሆነ ይናገራሉ። እነዚህን ማንበብ የሚችል ባለሙያ ሳይጠየቅ የተሰጠ ፍርድ በግምት የተሰጠ ነው።

ስለ ጣና ብጽፍም ጉዳዩ በጣና አያበቃም። በመተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሲሆን ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል፤ እርሻና ግጦሽ ውጧል። መውጫ የሌለው የሐዋሳ ሐይቅ ሞልቶ ወደ ከተማው የገባበት ዘመን ነበር። ሐረማያ ደርቆ ነበር፣ ከዚያ ተመልሶ ውሃ ያዘ። በእያንዳንዳቸው ዳር «አዋሳኙ ሐይቅ» የሚል ደብተር የያዘ ሰው አለ።

እንግዲህ ከእያንዳንዳችሁ የምጠይቀውን በግልጽ ልናገር። ከሚኒስቴሩ የምለምነው የጣና የውሃ ከፍታ ንባብ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ነው፤ በየወሩ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ በሩ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ጊዜም አብሮ ይነገር። ገበሬው ውሃው በጥር የት እንደሚሆን ካወቀ የት እንደሚዘራ ያውቃል።

የመሬት ቢሮው ለሐይቁ ዳር አንድ የከፍታ ቁጥር እንዲያስወስንና ያንን ቁጥር በመሬት ላይ በሲሚንቶ ምልክት እንዲያስተክል እጠይቃለሁ። በየኪሎ ሜትሩ አንድ ምልክት፣ ከፍታው የተቀረጸበት፣ ላም ብትታከክበት የማይወድቅ። የሁለተኛ ደረጃ ይዞታ ልኬት፣ ማለትም ለየማሳው ካርታ የሚወጣበት ልኬት፣ በተሠራባቸው ቀበሌዎችም ቢሆን የሐይቅ ዳር ማሳዎች በየትኛው ወር እንደተለኩ ይጣራ፤ ደብተሩ ላይ «ባሕር» የሚለው ቃል በከፍታው ቁጥር ይተካ። ወጪው እንደሚያሳስብ አውቃለሁ። ነገር ግን እማሆይ ለሦስት ዓመት ወደ ወረዳ የተመላለሱበት የመኪና፣ የጠበቃና የምስክር አበል ሲደመር እዚያ ቀበሌ ውስጥ አምስት ምልክት ያስተክል ነበር። በርስት የመጣ ጠብ በገንዘብ ብቻ እንደማያልቅ ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ስንት ጊዜ በደም ተጠናቋል።

ለዳኞች የምለው በትሕትና ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጋችን ባለሙያ ልካችሁ ቦታውን እንድታስመረምሩ ይፈቅድላችኋል፤ ይህን መብት በክርክሩ መጀመሪያ ተጠቀሙበት። ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ የሚመጣ መሐንዲስ የሚያገኘው የታረሰ ድንበርና የተቃቃረ ቤተሰብ ነው። ምስክር ስትሰሙ «የት?» ከማለታችሁ በፊት «በየትኛው ወር፣ በየትኛው ዓመት?» በሉ። የባለሙያ ሪፖርት ሲቀርብላችሁም አትመኑት፤ መርምሩት። መነሻው ምንድን ነው? የየትኛው ዓመት ንባብ ነው? ሁለቱም ወገኖች ልኬቱ ላይ ነበሩ? እኔ ራሴ ተሳስቼ አውቃለሁና ይህን ከልቤ እላለሁ። አንድ ጊዜ ከቀትር በኋላ በነፋስ የተገፋ ውሃ ዳር ላይ ችካል አስተክዬ ስምንት ሳንቲ ሜትር አሳሳትኩ፤ በዚያ ሜዳ ላይ 24 ሜትር ማሳ ነው። ያረመኝ ከአጠገቤ የነበረ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ «ጌታዬ፣ ይህ ውሃ የነፋስ ነው፣ ጠዋት ናና እየው» አለኝ።

ለሽማግሌዎችና ለኮሚቴ አባላት፤ ልኬቱ እናንተን የሚተካ ከመሰላችሁ በስህተት ተረድታችሁኛል። የመለኪያ ዘንጉ ሐይቁ በ1995 ዓ.ም. የት እንደነበረ ይነግረኛል፤ የማን አያት ሾላውን እንደተከለ አይነግረኝም። ቁጥሩና ትዝታው ሲገናኙ ብቻ ነው ሰው እሺ የሚለው። እዚያ ጥር ማለዳ ላይ እኔ ችካል ባስተክልም መስመሩን ወሰን ያደረገው ያ አባት በዘንጋቸው መሬቱን መንካታቸው ነው።

አሁን ውሃው መራቅ ጀምሯል። እስከ ሰኔ ድረስ ምልክት ለመትከል ደረቅ ወራት አሉ፤ ክረምቱ ከገባ ለሌላ ዓመት ይቆያል። በማንኛውም የጣና ዳር ቀበሌ ለመጀመሪያው ምልክት ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ። ሌቭሉንና ሚራውን፣ ማለትም በሌቭል የሚነበበውን ዘንግ፣ እኔ እይዛለሁ። ከእናንተ የሚያስፈልገኝ ችካል የሚይዙ ልጆች፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ የክርክሩ ግራና ቀኝ ወገኖች፣ ባሕር ዳር ላይ ዘንጉን የሚያነብ አንድ ሰው ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ነፋሱ ሳይነሳ እንገናኝ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የውሃ መሐንዲስና ቀያሽ
ባሕር ዳር